«ሌባው ማነው?» ከሌባሻይ እስከ ችሎት

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለመጽሔት ተስተካክሎ የተዘጋጀ)

   

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ወንጀልና ስለ ፍትሕ ታሪክ ነው። ርዕሱ ለሕግ ባለሙያዎች እንጂ ለቤተሰብ የሚሆን አይመስል ይሆናል። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባን ግን በመስጂድ በር ላይ ደጋግሞ የሚገጥመን ጥያቄ ነው። ከአንድ ቤት ወርቅ ይጠፋል፣ ብር ይጠፋል፣ በዘመናችን ደግሞ ሞባይል ይጠፋል። ከዚያም አባወራው ወይም እማወራዋ ይመጡና «ኡስታዝ፣ ሌባው እንዲገለጥልን ያሲን ይቀራልን» ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቀድመው «ዐዋቂ» ዘንድ ደርሰው፣ ስም ተሰጥቷቸው ነው የሚመጡት። የሚሰጠው ስም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የቤት ሠራተኛዋ ስም ነው። ዐዋቂው የባለቤቱን ወንድም ስም ሰጠ ሲባል እስካሁን አልሰማሁም።

ወደ ጠንቋይና ወደ ዐዋቂ መሄድ በሸሪዓ ያለውን ብይን በሌሎች ዝግጅቶች ስላየነው ዛሬ አንደግመውም። ዛሬ የምናየው ሌላ ነገር ነው። አገራችን ይህንኑ መንገድ በባለሥልጣን ፈቃድ የሚሠራ የወንጀል ምርመራ አድርጋ ለረጅም ዘመን ኖራበታለች። እንዴት እንደኖረችበትና እንዴት እንደተወችው ማወቁ፣ ዛሬ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት የምናየው ሥርዓት ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ለመረዳት ይጠቅማል።

ሌባሻይ

ሌባሻይ ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚያመለክተው ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። ዕቃ የጠፋበት ሰው ለሹሙ ያመለክታል፤ ሌባሻዩም ይጠራል። ከሌባሻዩ ጋር አንድ ልጅ አለ፤ ብዙ ጊዜ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ነው። ለዚህ ልጅ ከዕፅ የተቀመመ መጠጥ ይሰጠዋል፤ ጭስም እንዲስብ ይደረጋል። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ የታሰረውን መቀነት አንድ ሰው ይዞለት በመንደሩ ውስጥ ይለቀቃል። እየወደቀ እየተነሳ፣ ከደጅ ደጅ እየተንገዳገደ ይሄዳል። በመጨረሻ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት «ሌባ» ተባለ ማለት ነው፤ የጠፋውንም ይከፍላል። ምስክር አልተጠየቀም፤ ዕቃው ከቤቱ አልተገኘም፤ ሰውየውም «እኔ አልሰረቅኩም» የሚልበት ቦታ አልነበረውም።

በ19ኛው መቶ ዓመትና በ20ኛው መጀመሪያ አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ይህንን ልማድ አይተው ጽፈውታል። ለእነርሱ እንግዳ ነገር ነበር፤ ለአገሩ ሰው ግን የተለመደ ነው።

ሕዝቡ ለምን አመነበት ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከባድ አይደለም። ሌባሻይ ተጠራ የሚል ወሬ ሲሰማ ትክክለኛው ሌባ ፈርቶ ዕቃውን በሌሊት ጥሎት ሊሄድ ይችላል። እንዲህ የሆነ ቀን ሕዝቡ «አየህ፣ ይሠራል!» ይላል። ዛሬም የዐዋቂ ቤት ደንበኞች የሚነግሩን ይህንኑ ነው። «እርሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ ስላት ዕቃው ተገኘ» ይላሉ። ዕቃው ባልተገኘበት ቀን ግን ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነበር? ልጁ ደክሞት የወደቀበት ቤት ባለቤት ነው። ደግሞም አንድ ነገር አስቡ፤ መቀነቱን የያዘው ሰው ወደፈለገበት አቅጣጫ ትንሽ ሳብ ቢያደርገው ማን ያውቃል? ቂም ያለው ሰው ለመቀነት ያዡ ጥቂት ብር ቢያሲዝ ማን ይከለክለዋል? እያወቅን ብዙ ጊዜ የምንረሳው ሌላም ተበዳይ አለ፤ ዕፅ እያጠጡ የሚያዞሩት ያ ልጅ ነው።

ልማዱ በዐዋጅ የቀረው በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የአልጋ ወራሽነት ዘመን ነው፤ ይህም ከ1909 እስከ 1923 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ከዚህ ስንነሳ የአያቶቻችን ትውልድ ሌባሻይን በዓይኑ ያየ ትውልድ ነው ማለት ነው። እጅግ የራቀ ታሪክ አይደለም።

ቁራኛ፣ አውጫጭኝ እና በላ ልበልሃ

«የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ስንል በሽታው ከአልጋው ጋር አስሮት ቀረ ማለታችን ነው። ቃሉ የመጣው ከፍርድ ነው። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ፣ ነገሩ ከበድ ሲል ደግሞ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ታስረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ባለዕዳና አበዳሪም እንዲሁ ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ ንብረቴን ወሰደብኝ ከምትሉት ሰው ጋር አብራችሁ በልታችሁ፣ አብራችሁ ተኝታችሁ ለሳምንታት ስትጓዙ! እስር ቤትና ፖሊስ በሌለበት አገር ተከሳሽ እንዳይጠፋ የተበጀ ዘዴ ነው፤ ከሳሽም በዋዛ እንዳይከስ ያደርገዋል። ሌላም ነገር ነበረው። ዋስ የሚሆነው ዘመድ ያለው ሰው ከቁራኛ ይፈታል፤ ለአገሩ እንግዳ የሆነና ዘመድ የሌለው ሰው ግን ይታሰራል። የሰው ነጻነት የሚወሰነው በሠራው ሥራ ሳይሆን በዘመዶቹ ብዛት ነበር ማለት ነው።

አውጫጭኝ፣ በሌላው አካባቢ ስሙ አፈርሳታ፣ ሌላ ዓይነት ምርመራ ነበር። ሌባው ወይም ገዳዩ ካልታወቀ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሁሉም በየተራ ይምላል፤ ነገሩ ሳይወጣም ወደ ቤቱ አይመለስም። ያየሁትን ብናገር በቀል ይከተለኛል ብሎ ለሚፈራ ሰው «ወፍ» የሚባል መንገድ ነበረው። ምስክሩ ስሙን ሳይገልጥ ለተመረጡ ሽማግሌዎች ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹም «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ለጉባኤው ያቀርባሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ከሌባሻይ እጅግ የተሻለ ነበር። ቢያንስ ያየ ሰው ይናገራል። ነገር ግን ተከሳሹ ወፏን መጠየቅ አይችልም። «የት ሆነሽ አየሽ? ጨለማ አልነበረም ወይ? ከእኔ ጋር ጠብ የለሽም ወይ?» ማለት አይችልም። ነገሩ ሳይወጣ ከቀረም የአካባቢው ሰው በጅምላ ይቀጣል፤ ያልሠራውም ከሠራው ጋር አብሮ ይከፍላል።

በላ ልበልሃ የሚባለው የሙግት ሥርዓት ደግሞ በአደባባይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚካሄድ፣ ተከራካሪዎች በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ በቃላት የሚፋለሙበት ነበር። በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ቢጣሉ አላፊ አግዳሚውን «ዳኘን» ብለው ያስቆሙት ነበር፤ እርሱም እምቢ ማለት አይቀናውም። ይግባኙ ደረጃ በደረጃ እስከ ንጉሡ ዙፋን ችሎት ይደርሳል። ሕዝባችን ለፍርድ ያለው ፍቅር እዚህ ላይ ይታያል። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ተረት በከንቱ አልተባለም። ይሁንና አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው በሚያሸንፍበት ሙግት ቋንቋውን በቅጡ የማይችል፣ ዓይን አፋር ወይም ድሃ የሆነ ሰው ዕድሉ ምን ያህል እንደነበር መገመት ይቻላል።

በመጽሐፍ ደረጃ ነገሥታቱ የሚጠቅሱት ፍትሐ ነገሥትን ነበር። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ዓመት ግብፅ ውስጥ በኮፕቶች በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። የሚገርመው ነገር፣ መጽሐፉን ያጠኑ ሊቃውንት በዓለማዊ ሕጎቹ ክፍል ውስጥ ከሙስሊም ፉቀሃኦች መጻሕፍት የተወሰዱ ነገሮች እንዳሉበት ማሳየታቸው ነው። ግብፅ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ሲማማር የኖረ ሕዝብ ስለሆነ ያን ያህል ሊደንቀን አይገባም።

መዲና ውስጥ የጠፋው የጦር ልብስ

አሁን ወደ ኋላ እንመለስና ሌላ የስርቆት ጉዳይ እንይ። የሱረቱ ኒሳእ 105ኛው አንቀጽና ተከታዮቹ የወረዱበትን ምክንያት የተፍሲር ዑለማዎች በተለያዩ ዘገባዎች አስፍረዋል። ታዋቂ ከሆኑት ዘገባዎች በአንዱ መሠረት ነገሩ እንዲህ ነው። ጡዕማ ኢብን ኡበይሪቅ የሚባል መዲናዊ ከጎረቤቱ ቤት አንድ ዲርዕ፣ ማለትም የብረት የጦር ልብስ ሰረቀ። ዲርዑ በዱቄት ከረጢት ውስጥ ነበርና ከረጢቱ ቀዳዳ ኖሮት ዱቄቱ በመንገዱ ላይ እየተንጠባጠበ ሄደ። ጡዕማ ዕቃውን በአንድ አይሁዳዊ ጎረቤቱ ዘንድ በአደራ አስቀመጠው። ባለንብረቶቹ መጀመሪያ ወደ ጡዕማ መጡ፤ እርሱም አላየሁም ብሎ ማለ። ከዚያ የዱቄቱን ፈለግ ተከትለው አይሁዳዊው ቤት ደረሱ፤ ዲርዑም እዚያ ተገኘ።

አይሁዳዊው «ጡዕማ ነው የሰጠኝ» አለ። የጡዕማ ጎሳዎች ግን ተሰብስበው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዱና ስለ ዘመዳቸው ተከራከሩ። እስቲ የክሱን አቋም እንመልከተው። ዕቃው የተገኘው በአይሁዳዊው ቤት ነው፤ የዱቄቱ ፈለግ ወደ ቤቱ ይመራል፤ በሌላ ወገን ያለው ሙስሊም ነኝ የሚል፣ ጎሳው የቆመለት፣ የማለ ሰው ነው። ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ወሕይ ወረደ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለከዳተኞች ተከራካሪ እንዳይሆኑ፣ የራሱን ኃጢአት በንጹሕ ሰው ላይ የሚወረውር ሰውም ከባድ ቅጥፈት እንደተሸከመ የሚያስተምሩ አንቀጾች መጡ። ሙስሊም ያልሆነው ተከሳሽ ነጻ ወጣ፤ ጡዕማም ወደ መካ ኮበለለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የዱቄቱ ፈለግ ውሸት አልነበረም። ዕቃውም በእርግጥ እዚያ ቤት ተገኝቷል። ሆኖም ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ እርሱ ሰረቀ» የሚለው መደምደሚያ ስህተት ነበር። ተከሳሹ «እንዴት እጄ እንደገባ ልንገራችሁ» የሚልበት ዕድል ያስፈለገው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ የዱቄት ፈለግ እንኳ ሳይኖረን በሠራተኛዋ ሻንጣ ላይ እንወርዳለን።

ከሳሽ ማስረጃ ያቅርብ፣ የተካደበት ተከሳሽ ደግሞ ይማል የሚለው የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርሕ በፊቅህ መጻሕፍት የፍርድ ሁሉ ምሰሶ ነው። ጥርጣሬ ባለበት ሐድ አይፈጸምም የሚለውም እንዲሁ ዑለማዎች የተቀበሉት መሠረት ነው። የኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ሁለት ውሳኔዎች በዚህ ላይ ብዙ ይናገራሉ። አንደኛው የታወቀ ነው፤ በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በጽኑው የረሃብ ዓመት የስርቆትን ሐድ አላስፈጸሙም። ሁለተኛውን ኢማም ማሊክ በሙወጠእ ዘግበውታል። የሓጢብ ባሮች የሌላ ሰው ግመል ሰርቀው አርደው በሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ነገሩን ሲመረምሩ ጌታቸው እያስራባቸው እንደሆነ ታያቸው። ቅጣቱን ከባሮቹ አንስተው ወደ ሓጢብ ዞሩ። የግመሉ ባለቤት በ400 ዲርሃም ለመሸጥ እምቢ ያለበት ግመል ስለነበር ሓጢብን 800 ዲርሃም አስከፈሉት። ሠራተኛዋ ምን በላች፣ ደመወዟስ ለስንት ወር ተይዟል ብሎ ከስርቆቱ በፊት የሚጠይቅ ዳኛ ማለት ይህ ነው።

በኃይል ስለሚገኝ የእምነት ቃልም ከዑመር (ረ.ዐ) የተዘገበ አቋም አለ። የተራበ፣ የተፈራራ ወይም የታሰረ ሰው በራሱ ላይ የሚመሰክረው ምስክርነት አያስተማምንም የሚል ነው። የኢማም አቡ ሐኒፋ ተማሪና የመጀመሪያው ቃዲል-ቁዳት የሆኑት አቡ ዩሱፍ (በ182 ዓ.ሂ. የሞቱት) ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት ኪታቡል-ኸራጅ ይህንን አስፍረዋል። በጥርጣሬ ብቻ ሰው እንዳይታሰር፣ እስረኞችም በሰንሰለት እየተነዱ እንዳይለምኑ፣ ቀለባቸው ከበይተልማል እንዲቆረጥላቸው አሳስበዋል። ሹማምንቱ ሁልጊዜ ሰምተዋቸዋል ማለት ግን አይደለም። በሙስሊሙ ታሪክ ውስጥ ሹርጣ የሚባለው የጸጥታ ኃይል ሰው እየገረፈ ያናዘዘባቸው ዘመናት ብዙ ናቸው። በመጥፎ ሥራው የታወቀ ተጠርጣሪን ስለማስጨነቅም በኋለኞቹ ዑለማዎች መካከል የሐሳብ ልዩነት ነበር። ታሪካችንን ስንናገር ይህንንም መደበቅ የለብንም።

የተጻፈው ሕግ

ወደ አገራችን እንመለስ። ዐጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የዳኝነት ዐዋጅ ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተዋቀሩ። ትልቁ ለውጥ ግን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ያረቀቁት ዣን ግራቨን የሚባሉ የስዊዘርላንድ ሊቅ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከተለ። በዚህኛው ላይ የእንግሊዝ ልማድ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ወንጀሉ ምን እንደሆነ የሚነግረን ሕግ ከአውሮፓ መሐል፣ እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚፈረድ የሚነግረን ደግሞ ከእንግሊዝ ባሕር ማዶ መጣ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሕግ በ1997 ዓ.ም. በአዲሱ የወንጀል ሕግ ተተካ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ግን መንግሥታት ሲለዋወጡ እርሱ ለአስርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከዚህ ሁሉ በላይ ሆኖ ጥቂት አንቀጾችን አስቀመጠ። የተያዘ ሰው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል (አንቀጽ 19)። ላለመናገር መብት አለው፤ ተገዶ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት አይያዝበትም። በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ የቀረቡበትን ምስክሮችም ይጠይቃል (አንቀጽ 20)። ወፏ መስቀለኛ ጥያቄ የምትጠየቅበት ዘመን መጣ ማለት ነው።

ከተጻፈው ሕግ እስከ ጣቢያው ድረስ ያለው መንገድ ግን አጭር አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በተለያዩ ዓመታት ባወጣቸው ሪፖርቶች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ከ48 ሰዓት በላይ ስለተያዙ ሰዎች ገልጿል። የእኛ ቤተሰቦችም «ጊዜ ቀጠሮ» የሚለውን ቃል በደንብ የተማሩት በ2004 ዓ.ም. የሙስሊሙ ኅብረተሰብ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በታሰሩ ጊዜ ነው። ተከሳሾቹ በማዕከላዊ ምርመራ ወቅት በደል እንደተፈጸመባቸው ለፍርድ ቤት አመልክተው ነበር። በ2007 ዓ.ም. በፀረ ሽብር ሕጉ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በኋላም በተለያየ ጊዜ ተፈቱ። ማዕከላዊም በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። ስንቅ ይዛ በር ላይ የቆመች እናት፣ አቡ ዩሱፍ ስለ እስረኛ ቀለብ ለምን እንደጻፉ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ዛሬ አንድ የስርቆት ክስ እንዴት ይጓዛል?

ከቤታችሁ ዕቃ ጠፋ እንበል። ለፖሊስ ታመለክታላችሁ፤ ቃላችሁ ይጻፋል፣ ትፈርሙበታላችሁ። እዚህ ላይ የጠፋውን ዕቃ ዓይነት፣ መቼ እንዳያችሁት፣ ማን ማን ቤቱ ውስጥ እንደነበረ በትክክል መናገር ነው የሚጠበቅባችሁ። «እርሷ ናት፣ ልቤ ነግሮኛል» የሚለው ቃል ለመዝገቡ ጥቅም የለውም። ፖሊስ ተጠርጣሪ ከያዘ ቃሉን ይቀበላል፤ ተጠርጣሪው ግን እንዲናገር አይገደድም። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በ1954ቱ ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ዳኛው ዋስትና ሊፈቅድ ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል። «ሌባዬን በገንዘብ ፈቱት!» ይላል። ዋስትና ግን ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን እንዲቀርብ ማረጋገጫ ነው እንጂ ነጻ ነህ ማለት አይደለም። የድሮው ቁራኛ ምትክ ነው ብትሉት ይቀላል፤ ሰንሰለቱ ቀርቶ ዋሱ ብቻ የተረፈበት።

ከዚህ በኋላ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ማስረጃው በቂ ነው ካለ ክስ ይመሠርታል፤ ካልሆነ መዝገቡን ይዘጋዋል። ክስ ሲመሠረት ከሳሹ መንግሥት ነው፤ እናንተ የግል ተበዳይና ምስክር ናችሁ። ክሱ ተነቦ ተከሳሹ ካላመነ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ። ዋና ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ የተከሳሽ ወገን ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርብላቸዋል። ማስረጃው ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። ካስረዳ «ተከላከል» ይባላል፤ የራሱን ምስክሮች ያሰማል። ከዚያ ፍርዱ ይሰጣል። ጥፋተኛ ከተባለም ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት ቅጣት ማክበጃና ማቅለያ ይሰማል። ቅር የተሰኘው ወገን ይግባኝ ይላል።

ረጅም ነው፤ አድካሚም ነው። ምስክር ሳይመጣ ቀርቶ ቀጠሮ ይለወጣል፣ ዳኛ ይቀየራል፣ ተበዳይም ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ይህ ሁሉ በምትኖሩበት አካባቢ የምታዩት ስለሆነ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ነገር ግን ከእነዚህ ደረጃዎች እያንዳንዱን አንስታችሁ «ይህ ባይኖርስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተከሳሽ ቃል ባይኖር የመዲናው አይሁዳዊ ሌባ ሆኖ ይቀር ነበር። መስቀለኛ ጥያቄው ባይኖር ወፏ የፈለገችውን ትናገራለች። ማስረጃውን የሚመዝን ዐቃቤ ሕግና ዳኛ ባይኖር መቀነት ያዡ ይመለሳል።

ቤታችን ውስጥ

የቤት ሠራተኛ ሆነው የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ ከተማ ውስጥ ዋስ የሚሆናቸው ዘመድ የሌላቸው ናቸው። በድሮው ቋንቋ ቁራኛ የሚታሰሩት እነርሱ ነበሩ ማለት ነው። ዕቃ ሲጠፋ ግን ብዙ ቤት የሚደረገው ምንድን ነው? በሩ ይቆለፋል፤ ሻንጣዋ ይዘረገፋል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ሰውነቷ ይፈተሻል፤ አንዳንዴም ትመታለች። ደመወዟ «ለጠፋው ዕቃ» ተብሎ ይያዛል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ስንጥሩን ሳያገኙ ገንፎውን መድፋት ሌላ ነገር ነው።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህ ሁሉ የበቀል ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። በሕግ ግን ሰውን ያለ አግባብ ቆልፎ መያዝ ራሱ ወንጀል ነው፤ መደብደብም ወንጀል ነው፤ ንጹሕ መሆኗን እያወቁ በሐሰት መክሰስም ወንጀል ነው። ልጅቷ ሰርቃ ቢሆን እንኳ እነዚህ ወንጀል መሆናቸው አይቀርም። የሠራተኛን ደመወዝ በሚበላ ሰው ላይ የትንሣኤ ቀን አላህ ራሱ ተከራካሪው እንደሚሆን የሚያስጠነቅቀውን ሐዲስ ደግሞ ሁላችንም ሰምተነዋል። የጠፋው ሰንሰለት 3 ግራም ይሁን 30 ግራም፣ የያዛችሁት ደመወዝ የእርሷ ሐቅ ነው። ዕቃው በእርሷ እጅ መጥፋቱ በፍርድ እስኪረጋገጥ ድረስ ከሐቋ ላይ የምትቀንሱበት መንገድ የለም።

የእኛም ልጆች በሪያድ፣ በቤይሩት፣ በኩዌት በሰው ቤት እየሠሩ ነው። የተጠራቀመ ደመወዟን ስትጠይቅ «ወርቅ ሰርቃለች» ተብሎ ፖሊስ የተጠራባት ልጅ ታሪክ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ቋንቋውን አታውቅም፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፣ ዋስ የላትም። በስልክ እያለቀሰች ስትነግረን «ምነው ማስረጃ ቢጠይቋቸው!» እንላለን። ልክ ነን። በጓዳችን ያለችው ልጅ እናትም ከገጠር ሆና ይህንኑ ትል ይሆናል።

ከአድማጭ የቀረበ ጥያቄ

ባለፈው ዝግጅታችን ላይ አንድ አድማጭ «የስርቆት ጉዳያችንን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወስደን ማስፈረድ እንችላለን ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። አጭሩ መልስ አይቻልም ነው። የቃዲዎች ፍርድ ቤት በአገራችን ሕጋዊ እውቅና አግኝቶ የተደራጀው ከጣሊያን መባረር በኋላ ሲሆን፣ በ1936 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 62 የቃዲዎችንና የናኢባዎችን ምክር ቤቶች አቋቁሟል። ሥልጣናቸው በጋብቻ፣ በፍች፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ላይ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ደረጃ ሲያዋቅርም በዚሁ የቤተሰብና የግል ጉዳይ ወሰን ላይ ቆሟል፤ ያውም ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ሲቀበሉት ነው። የወንጀል ጉዳይ፣ ከሳሹም ተከሳሹም ሙስሊም ቢሆኑ እንኳ፣ የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

እኚሁ አድማጭ «ታዲያ በሽማግሌ ብንጨርሰውስ?» ብለው አክለዋል። ዕቃው ተመልሶ፣ ተበዳይ ይቅር ብሎ መታረቅ በሸሪዓም በባህላችንም የተወደደ ነው። ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። አንደኛ፣ ሽማግሌዎቹ ልጅቷን «እመኚና እንማርሽ» እያሉ ያልሠራችውን እንዳያሳምኗት ተጠንቀቁ፤ ይህ እርቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ አንዴ ክስ ተመሥርቶበት ፍርድ ቤት ከገባ የእናንተ ይቅርታ ብቻውን ክሱን አያቋርጠውም፤ ለዐቃቤ ሕግና ለዳኛው መንገር ያስፈልጋል። እርቁ ቅጣቱን ለማቅለል ሊረዳ ይችላል።

ስለ ዋስትና የጻፋችሁልን ሌሎች ጥያቄዎች ስላሉ በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻ አላህ ከእነርሱ እንጀምራለን።